የሩቅ አገር ጣዕም ቺፕስ ላይ ለምን አይያዝም?

ጥያቄው፦ «የድንች ቺፕስና የተጠበሰ ሽምብራ በትንሹ እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ። አሁን ሰው ሁሉ የኮሪያ፣ የሜክሲኮ፣ የታይላንድ ጣዕም ነው የሚጠይቀው። የኮሪያውን ጎቹጃንግ ድልህ ገዝቼ አደረቅሁት፣ ፈጨሁትና ቺፕሱ ላይ ነሰነስኩት። ግማሹ ከረጢቱ ሥር ይቀራል። የተጣበቀውም ጨው ጨው ከማለት አላለፈም። ሁለት ሳምንት ሲቆይ ደግሞ የአሮጌ ዘይት ሽታ አመጣ። ለሽምብራው ቅመሙን ከመጠበሱ በፊት ባደርገው መረረብኝ። ጥፋቱ ትክክለኛውን የውጭ ቅመም ስላላገኘሁ ነው? ወይስ ፋብሪካዎቹ የሚደብቁት ኬሚካል አለ? ከየትኛው ጣዕም ብጀምር ይሻለኛል?»

ሁለቱም ግምትዎ ልክ አይደለም። ያላገኙት ቅመም የለም። የተደበቀ ኬሚካልም የለም። የገዙት ጎቹጃንግ እንዲያውም ጥሩ ሳይሆን አይቀርም፤ ችግሩ ለሌላ ሥራ የተሠራ መሆኑ ነው። በአንድ ጥያቄ ውስጥ አራት የተለያዩ ጥፋቶችን አስገብተዋል። ዱቄቱ አልተጣበቀም፣ ጣዕሙ አልተዋቀረም፣ ዘይቱ አረጀ፣ የሽምብራው ቅመም ደግሞ አረረ። አራቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው አብሮ አይስተካከልም።

ከሁሉ በፊት «የኮሪያ ጣዕም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንግባባ። የኮሪያ ምግብ ሳህን ላይ ሲቀርብ ትኩስ ነው፣ እርጥብ ነው፣ እንፋሎቱ መዓዛውን ተሸክሞ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ቺፕስ ደረቅ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ሲሶው ገደማ ዘይት ነው። አፍ ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ሰከንድ ነው። ያንን ሁሉ ምግብ እዚህች ላይ ልጫን ቢሉ አይሆንም። ጣዕም የሚያዘጋጅ ሰው ሥራው ከካርቱን ሠዓሊ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። ሠዓሊው የሰውየውን ፊት በሙሉ አይስልም። አፍንጫውንና ኮፍያውን ይስላል፣ ያየው ሁሉ «እገሌ ነው!» ይላል። ለኮሪያው ጣዕም አፍንጫና ኮፍያ የሚሆኑት የተብላላ ነገር ጥልቀት፣ ትንሽ ጣፋጭነት፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ ማቃጠልና ከኋላ የሰሊጥ ሽታ ናቸው። ለሜክሲኮው መጀመሪያ ሎሚ፣ ቀጥሎ ጨው፣ ከዚያ በርበሬ። ቶም ያም ለሚባለው የታይላንድ ሾርባ ጠጅ ሣር፣ የሎሚ ቅጠልና ኮምጣጣነት። በቃ።

ትልልቆቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሌይስ የሚባለው የቺፕስ ምርት ሕንድ ውስጥ «ማጂክ ማሳላ» የሚባል፣ ቻይና ውስጥ የኪያር፣ ታይላንድ ውስጥ ኖሪ የሚባለውን የባሕር አረም ጣዕም ይሸጣል። ከሥር ያለው ያው የተጠበሰ ድንች ነው። አገር የሚቀይረው ላዩ ላይ የምትነሰነሰው ዱቄት ናት። ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1920ዎቹ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እንግሊዝ ውስጥ ፍራንክ ስሚዝ ቺፕሱን ሲሸጥ ጨዉን ለብቻው በትንሽ ወረቀት ጠቅልሎ ከረጢቱ ውስጥ ይከት ነበር፤ በዪው ራሱ ይነሰንሳል። በ1954 ደብሊን ላይ ታይቶ የተባለውን ድርጅት የመሠረተው ጆ መርፊ ነው ቺዝና ሽንኩርት የተነሰነሰበትን ቺፕስ ያስለመደው። ዶሪቶስ የሚባለው የበቆሎ ቺፕስ የታኮ ጣዕሙን ያወጣው በ1967 ነው። «የዓለም ጣዕም» የሚባለው ፋሽን ስሙ ይቀያየራል፤ ሥራው ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዘይት ላይ ዱቄት ማጣበቅ ነው።

«ትክክለኛውን የውጭ ቅመም አላገኘሁም» የሚለው ጭንቀትም ብዙ አያስኬድም። በርበሬ ራሱ መንገደኛ ነው። ከአሜሪካ አህጉር የወጣው ከ1492 በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ኮሪያም፣ ሕንድም፣ ታይላንድም በርበሬ የሚባል ነገር አያውቁም። ዋሳቢ ተብሎ በየአገሩ የሚሸጠውን የአረንጓዴ አተር መክሰስም ይዩት። አብዛኛው ውስጡ ያለው ፈረስ ራዲሽ የሚባል ሥር፣ ሰናፍጭና ቀለም ነው። እውነተኛው ዋሳቢ ተፍቆ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ኃይሉ ይተናል። ከረጢት ውስጥ ወራት የሚቆይ ነገር ላይ ቢያደርጉት ገንዘብዎን አየር ላይ በተኑት ማለት ነው። የትራፍል ቺፕስ የሚባለውም እንዲሁ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሸተው ከምድር የተቆፈረው እንጉዳይ ሳይሆን በላቦራቶሪ የተሠራ አንድ የድኝ ውህድ ነው። ማጭበርበር ነው አልልም። መለያው ላይ በሐቅ እስከተጻፈ ድረስ ሥራው የሚጠይቀው ይህንን ነው።

አሁን ወደ አፍ እንግባ፤ የዚህ ሥራ ግማሹ ያለው እዚህ ነው። ጣዕም ሁሉ በአንዴ አይመጣም። ጨውና አሲድ ምራቅ ውስጥ ቶሎ ይሟሟሉ፣ ስለዚህ ቀድመው ይደርሳሉ። ጣፋጩ ይከተላል። ኡማሚ የሚባለው፣ የሥጋ መረቅና የእንጉዳይ ዓይነት ሙላት፣ መሐል ላይ ይመጣና ይቆያል። ማቃጠሉ መጨረሻ ነው። ማቃጠል ደግሞ ጣዕም እንኳ አይደለም። ካፕሳይሲን የሚባለው የበርበሬው አቃጣይ ንጥረ ነገር የሚነካው ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ያለውን ሙቀት የሚያውቀውን የነርቭ ተቀባይ ነው። አንጎል «ተቃጠልኩ» ይላል፣ የተቃጠለ ነገር ግን የለም። ተቀባዩን በ1997 ለይተው ያወጡት ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ጁሊየስ በ2021 ለዚህና ለተያያዘ ሥራ ኖቤል ተጋርተዋል። ካፕሳይሲን በዘይት ይሟሟል፣ በውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ዘይታም ቺፕስ ላይ ማቃጠሉ ዘግይቶ መጥቶ አልሄድ የሚለው። የሲቹዋን በርበሬ ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ከንፈርን ይነዝራል። ተመራማሪዎች ሲለኩት ስሜቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ገደማ ከሚርገበገብ ነገር ጋር ተመሳስሎ ተገኝቷል። ሰናፍጭና ዋሳቢ የሚሰነፍጡት ምላስን ሳይሆን አፍንጫን ነው፤ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለወሬ አይደለም። ጥሩ ማጣፈጫ የሚሠራው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የሚይዝ፣ መሐል የሚሞላ፣ መጨረሻ የሚቆይ ነገር ይፈልጋል። የእርስዎ ዱቄት ሦስቱም አልነበሩትም። ምን እንደሆነ ልንገርዎ። ጎቹጃንግ የበርበሬ ዱቄት፣ የሚያጣብቅ ሩዝ፣ የተብላላ አኩሪ አተርና ጨው ነው። ድልህ ሆኖ ሲቀመስ ግሩም ነው። ሲያደርቁት ግን ቀላል መዓዛዎቹ ከውሃው ጋር ተነኑ። ስኳሩና ስታርቹ ቀሩ፤ ሙቀቱ በዝቶ ከነበረም ጠቆሩ። ጨዉ ግን የትም አይሄድም። ከዚያ የቀረውን ዱቄት 100 ግራም ቺፕስ ላይ ሰባት ግራም ያህል ነሰነሱት እንበል። በዚያ መጠን ራሱን የሚያሰማው ጨው ብቻ ነው። «ጨው ጨው አለ» ያሉት ምላስዎ ልክ ነው።

ፋብሪካ ውስጥ ድልሁን ማልቶዴክስትሪን ከሚባል ከስታርች ከሚሠራ ዱቄት ጋር በጥብጠው ሞቃት አየር ውስጥ እንደ ጉም ይረጩታል። በሰከንዶች ይደርቃል፣ መዓዛው በከፊል ተሸፍኖ ይቀራል። ቢሆንም እሱ ብቻውን አይበቃም። የአኩሪ አተር ሶስ ዱቄት፣ የእርሾ ጭማቂ ዱቄት፣ ስኳር፣ ነጭ ሽንኩርትና ደረቅ በርበሬ ይጨመሩበታል። የተደበቀ ነገር ያሉት ምናልባት ሞኖሶዲየም ግሉታሜትን ከሆነ፣ አልተደበቀም፤ ከረጢቱ ጀርባ ላይ ተጽፏል። ግሉታሜትን ከኮምቡ የባሕር አረም ለይተው «ኡማሚ» የሚል ስም የሰጡት ጃፓናዊው ኪኩናኤ ኢኬዳ ናቸው፣ በ1908። መጥፎ ስሙ የመጣው በ1968 አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ከወጣ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው ከቻይና ምግብ በኋላ ስለሚሰማቸው መደንዘዝና የልብ መምታት ሲጽፉ ከገመቷቸው ምክንያቶች አንዱ ግሉታሜት ነበር። ግምቱ ስም ሆኖ ቀረ። በኋላ በቁጥጥር የተደረጉ ሙከራዎች ግን በምግብ ውስጥ በሚገኘው መጠን ያንን ስሜት በተከታታይ ማሳየት አልቻሉም። አንድ ጠቃሚ ቁጥር ልጨምር። የገበታ ጨው ከመቶ 39 እጁ ሶዲየም ነው፣ ግሉታሜቱ 12 እጁ። በጥቂቱ ከገባ ጨው ለመቀነስ ያግዛል። ደንበኛዎ ስሙን ከጠላው የቲማቲም ዱቄትና የደረቀ የሺታኬ እንጉዳይ ዱቄት አብረው ይጠቀሙ። ቲማቲሙ ግሉታሜት አለው፣ እንጉዳዩ ጓኒሌት የሚባለውን ሌላ የኡማሚ ምንጭ ይሰጣል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ከድምራቸው በላይ ይሆናሉ። «ከግሉታሜት ነፃ» ብለው እንዳይጽፉ ብቻ። ቲማቲሙ ውስጥ አለ።

ወደ መጣበቁ ልምጣ። አንድ ቺፕስ ከዘይት ሲወጣ ቀረብ ብለው ይዩት። ላዩ ያብረቀርቃል። ጠርዙ ላይ ጥቃቅን አረፋዎች ገና ይፈላሉ። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ አረፋው ጸጥ ይላል፣ ላዩ ግን እንደራሰ ነው። ከዚያ ማብረቅረቁ እየደበዘዘ ይሄዳል። ዘይቱ የት ሄደ? ውስጥ ገባ። ቺፕስ አብዛኛውን ዘይት የሚጠጣው ከመጥበሻ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ነው። ውስጡ የነበረው እንፋሎት ሲበርድ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ያ ቦታ ላዩ ያለውን ዘይት ይስባል። ዱቄትዎ መድረስ ያለበት አረፋው ከቆመ በኋላ፣ ማብረቅረቁ ሳይጠፋ ነው። አንድ ወይ ሁለት ደቂቃ ናት ያለችዎት። ከቀደሙ እንፋሎቱ ዱቄቱን ያርሰዋል፣ ይጓጉላል፣ መዓዛውንም ይዞበት ይሄዳል። ከዘገዩ የሚጣበቅበት ነገር የለም። እርስዎ ቺፕሱ በርዶ ከረጢት ሊገባ ሲል እንደነሰነሱት እገምታለሁ። ግማሹ ከረጢቱ ሥር የቀረው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ድቀቱ ነው። ጨዎ እንደ አሸዋ፣ በርበሬዎ እንደ ዱቄት ከሆነ በጉዞ ላይ ይለያያሉ፤ ሻካራው ይረግፋል፣ ደቃቁ ይቀራል። ሁሉንም አንድ ዓይነት ወንፊት ያሳልፏቸው። ጨዉን ይፍጩት። በእጅ ከላይ መነስነስም ይተዉ። ሰፊ ክዳን ያለው ባልዲ በጎኑ አጋድመው ቀስ ብለው ያንከባልሉት፣ ዱቄቱን በሦስት ጊዜ ይጨምሩ። ከዚያ ይመዝኑ። ለድንች ቺፕስ መነሻው ለ100 ግራም ከ6 እስከ 8 ግራም ዱቄት ነው፣ ጨዉ ደግሞ በጠቅላላ 1.5 ግራም ገደማ። መያዙን ለማወቅ አንድ ከረጢት ሞልተው ሃያ ጊዜ ይነቅንቁ፣ ሥሩ የወደቀውን ይመዝኑ። ይህን ቁጥር ደብተር ላይ ይጻፉት። ሁልጊዜ።

ሽምብራ ሌላ ነገር ነው። ላዩ ለስላሳ ነው፣ የራሱ ዘይትም ጥቂት ነው። ሳይበርድ ለ100 ግራም 3 ወይም 4 ግራም ዘይት አሽተው ዱቄቱን ወዲያው ይጨምሩ። መምረሩን በተመለከተ ምክንያቱ ቀላል ነው። ሽምብራው ውስጥ ገና ውሃ ስላለ እህሉ ከ100 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ላዩ ላይ የተነሰነሰችው ደቃቅ ዱቄት ግን ውሃ የላትም፣ የምድጃውን 180 ዲግሪ ሙሉ ትቀበላለች። ነጭ ሽንኩርቱ ቀድሞ ያራል፣ በርበሬው ይከተላል። ቅመም ከመጠበስ በኋላ ነው የሚገባው። መጥበሻ ዘይት ውስጥ ከገባማ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ዘይቱን ያጠቁረዋል፣ ዕድሜውንም ያሳጥረዋል።

የአሮጌ ዘይት ሽታው ከቅመሙ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ዘይት ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ይበላሻል፤ ብርሃን፣ ሙቀት፣ የብረትና የመዳብ ቅንጣት ያፋጥኑታል። ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት ከመነሻው ግማሽ መንገድ ሄዷል። ያንን ቺፕስ በሚያሳይ ፕላስቲክ ከረጢት መስኮት አጠገብ ካስቀመጡት ሁለት ሳምንት በዛበት እንጂ አላነሰውም። ፋብሪካዎቹ ብርሃን የማያስገባ፣ ውስጡ ብር የሚመስል ከረጢት የሚጠቀሙት ለጌጥ አይደለም። ውስጡን የሚነፉትም ናይትሮጅን ነው፣ ኦክስጅኑን ለማስወጣት። ያ መሣሪያ ከሌለዎት የሚያሳየውን ከረጢት ይቀይሩ፣ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ ይለውጡ፣ «እስከዚህ ቀን ይጠቀሙ» የሚለውን በልክ ያሳጥሩ። ዱቄቱን የሚያወፍር የሰሊጥ ወይም የዓሣ ዱቄት ካስገቡም የራሳቸው ዘይት አላቸው፤ ቀድመው የሚሸቱት እነሱ ናቸው።

እርጥበትም አለ። ቺፕስ ኩርሽም የሚለው ውሃው ከመቶ ሁለት እጅ በታች ሲሆን ነው። ሲትሪክ አሲድና የማር ዱቄት ደግሞ ከአየር ውሃ ይስባሉ። አሁን ፋሽን የሆነው ማርና በርበሬ የተቀላቀለበት ጣዕም ብዙ ሰው የሚወድቅበት እዚህ ላይ ነው። እኔም ወድቄበታለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ዝናብ እየጣለ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ የማር ዱቄትና ሲትሪክ አሲድ ቀላቅዬ ምሳ ልበላ ወጣሁ። ስመለስ ባልዲው ውስጥ የጠበቀኝ ጡብ ነው። በማንኪያ አልተቆረሰም፤ በመዶሻ ነው የወጣው። ከዚያ በኋላ ዝናብ ባለበት ቀን አሲድ ያለው ነገር ክፍት ትቼ አላውቅም።

አሁን የማልደራደርበት ጉዳይ። ከመጠበስ በኋላ የሚነሰነስ ቅመም ከዚያ በኋላ እሳት አያየውም። ዱቄቱ ይዞት የመጣው ተሕዋስ ሁሉ እንዳለ ደንበኛዎ አፍ ይገባል። «ደረቅ ነው፣ ምን ያመጣል?» አይበሉ። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ደረቅ ነገር ውስጥ አይራባም፣ ግን ለወራት ይኖራል፤ ዘይቱ ደግሞ ከሆድ አሲድ ይከልለዋል። በ1993 ጀርመን ውስጥ በተበከለ የፓፕሪካ ዱቄት በተነሰነሰ የድንች ቺፕስ ወደ 1000 ሰዎች እንደታመሙ ተገምቷል። አብዛኞቹ ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ነበሩ። ለማሳመም የበቃው የባክቴሪያ ቁጥርም እጅግ ትንሽ ነበር። ስለዚህ የሚገዙት በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅጠላ ቅጠል በእንፋሎት ወይም በሌላ መንገድ ከተሕዋስ የጸዳ መሆኑን የሚያሳይ የምርመራ ወረቀት ይጠይቁ። ሻጩ ወረቀት የለኝም ካለ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ። በቤት የፈጩትን በርበሬ ለቤት ያድርጉት።

በርበሬ ላይ ሌላም አለ። በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ በርበሬ ሻጋታ ይይዘዋል፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል፣ መፍጨትም መጥበስም አያጠፋውም። የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬና ለመሰል ቅመሞች የፈቀደው በኪሎ ቢበዛ 10 ማይክሮግራም አፍላቶክሲን ነው። ከመጠን በላይ የቀላ በርበሬም ይጠርጥሩ። በ2005 እንግሊዝ ውስጥ ሱዳን 1 የተባለ የኢንዱስትሪ ቀለም የተጨመረበት የበርበሬ ዱቄት አንድ ሶስ ውስጥ ገብቶ ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶች ከመደርደሪያ ተነሥተዋል። አንድ ሰው በርበሬ ለማቅላት ያደረገው ነገር ነው ይህን ሁሉ ያመጣው።

አለርጂንም አይርሱ። የሩቅ አገር ጣዕም ሲያስገቡ የሩቅ አገር አለርጂም አብሮ ይገባል። ጎቹጃንግ ውስጥ አኩሪ አተር አለ፣ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስም አለ። ሩዝ ላይ የሚነሰነሰው የጃፓኑ ፉሪካኬ ብዙ ጊዜ ሰሊጥና ዓሣ ይይዛል። ዛዕታር የሚባለው የመካከለኛው ምሥራቅ ቅመም ሰሊጥ አለው። አሜሪካ ከጥር 2023 ጀምሮ ሰሊጥን በግድ ከሚጻፉት ዋና አለርጂዎች ዘጠነኛ አድርጋዋለች። የጭስ ጣዕም የሚያስቡ ከሆነም ይጠንቀቁ፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2024 የስምንት ዓይነት የጭስ ማጣፈጫዎችን ፈቃድ አላድስም ብሏል፣ በሕዋስ ውስጥ ያለውን ዲ.ኤን.ኤ ሊጎዱ ይችላሉ በሚል ሥጋት። በጭስ የደረቀ ፓፕሪካ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን መጠቀም ይቻላል። «በዓለም ላይ እጅግ የሚያቃጥል» የሚባለውን ውድድር ግን ተዉት። የተጨመቀ የካፕሳይሲን ዘይት ያለ ጓንትና ጭምብል የሚነካ አይደለም፣ በትንሽ ሚዛን በትክክል መመዘንም ያስቸግራል። አንዱ ከረጢት ባዶ፣ አንዱ እሳት ይሆንብዎታል።

ከየትኛው ልጀምር ላሉት መልሴ አንድ ነው። በርበሬና ሎሚ፣ በድንች ቺፕስ ላይ። ኮሪያውን አሁን አይንኩት። የበርበሬና ሎሚ ጣዕም ሁሉም ግብዓቱ በተፈጥሮው ደረቅ ሆኖ ይገኛል፣ የሚብላላ ነገር የለበትም፣ ዋናው ምልክቱ አሲድ ስለሆነ በትንሽ መጠን ይሰማል፣ ሲቀመጥም ብዙ አይቀየርም። በ1985 ሜክሲኮ ውስጥ የተጀመረው ታሂን የሚባል ማጣፈጫ በዋናነት በርበሬ፣ ሎሚና ጨው ይዞ ዓለምን ዞሯል። ለ100 ግራም ዱቄት መነሻ እነሆ፦ ጨው 22 ግራም፣ ስኳር 18፣ መለስተኛ የሚያቃጥል ንጹሕ በርበሬ 15፣ የቲማቲም ዱቄት 15፣ የሽንኩርት ዱቄት 10፣ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት 6፣ ሲትሪክ አሲድ 6፣ የሎሚ ዱቄት 5፣ ሞኖሶዲየም ግሉታሜት 3። በ100 ግራም ቺፕስ ላይ 7 ግራም ሲነሰነስ ጨዉ 1.5 ግራም ገደማ ይመጣል። የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ በፈሳሹ አይርጩበት፤ ቺፕሱ ልስልስ ይላል። የኮምጣጤ ጣዕም ያላቸው ቺፕሶችም ብዙውን ጊዜ ኮምጣጤውን የሚያገኙት ከዱቄት ነው።

ሲቀምሱ አንድ ፍሬ አይቅመሱ። ደንበኛ አንድ ፍሬ አይበላም። አሥር ይብሉ፣ ተራ በተራ፣ እንደ ሰው። የመጀመሪያው «ዋው» ያሰኘ ማጣፈጫ ብዙ ጊዜ ስምንተኛው ፍሬ ላይ ምላስ ይልጣል፤ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው። አሥረኛው ላይ እጅዎ ወደ ከረጢቱ ከተመለሰ ተሳክቷል። ለውጥ ባደረጉ ቁጥር ለሌላ ሰው ሦስት ሳህን ያቅርቡ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። የተለየውን ካላወቀው ለውጡ በወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው። ከእያንዳንዱ ዙር ሁለት ከረጢት አስቀርተው አንዱን ጨለማ ቦታ፣ አንዱን መስኮት ላይ ለአራት ሳምንት ያኑሩ። የሁለቱ ሽታ ልዩነት ስለ ከረጢትዎ ሁሉንም ይነግርዎታል።

ይህ ሲይዝልዎት ያንኑ ዱቄት አሲዱን ትንሽ ቀንሰው ሽምብራው ላይ ይሞክሩት። ከዚያ በኋላ ነው ኮሪያው፤ ያውም የአኩሪ አተር ሶስ ዱቄትና የእርሾ ጭማቂ ዱቄት ካገኙ። ስሙንም «በኮሪያ ዓይነት የተዘጋጀ» ቢሉት ይሻላል፤ ከኮሪያ የመጣ ነገር ብዙም ላይኖረው ይችላል። የተረፈውን ጎቹጃንግ ደግሞ አያድርቁት። ከትንሽ ማርና ዘይት ጋር በጥብጠው ዶሮ ላይ ይቀቡትና ይጥበሱት፤ ለእሱ ነው የተሠራው።